የሃዊ የመጨረሻ ትእዛዝ

ሰውዬው ከመነዳሪውን አልፈተሸውም።

ባንተአምላክን ክው ያደረገው ይህ ነው። ከአሰላ መናኸሪያ ጀርባ፣ ከጉቱ ጎሚስታ ደጃፍ፣ የመለያው ቃል በትክክል ተባብሎ ነበር።

«የፊተኛው ጎማ ነው?»

«የኋለኛው። ሁለት ቦታ ተለጥፏል።»

ሰውዬው የተለጠፈውን የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ተቀበለ። ከአንደኛው ልጥፍ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ፍላሽ አለ። ለዚያ ፍላሽ ብሎ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው። ግን በጣቱ እንኳን ዳሰስ አላደረገውም። እንደ አሮጌ ጨርቅ ፒክአፑ ላይ ወረወረውና ጋቢና ገባ።

ባንተአምላክ እጁን በቱታው ጠረገ። ለጎሚስታው ለጉቱ ፈገግ ሊልለት ፈለገ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ሰውዬው ያልፈተሸው ፍላሹ የውሸት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ባንተአምላክ ራሱ ነው።

ሌላው «ዳኛው» ነው።

ዳኛው አለቃው ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። «ችካል» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጣለት እሱ ነው፤ አንዴ ከተተከለ የሚነቅለው የለም ለማለት። ባንተአምላክ የሚለውም ስም ቢሆን የመሥሪያ ቤት ስጦታ ነው። በዚህ ስም፣ ላለፉት አሥራ አራት ወራት፣ ጭላሎ ተራራ ትከሻ ላይ ባለው የሳተላይት ጣቢያ የጄኔሬተርና የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ገዥውን በውሸት ቁልፍ እናጥምደው ያለውም፣ ፍላሹን አዘጋጅቶ የላከለትም ዳኛው ነው። አጥማጁና ገዥው አንድ ማዕድ የሚቆርሱ መሆናቸውን ባንተአምላክ ያወቀው ገና አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ነው።

ፒክአፑ ወደ አዳማ መውጫ አልዞረም። ወደ ጭላሎ ዞረ።

ወደ ጣቢያው።

ጣቢያው የሚነጋገረው ከአንዲት ሳተላይት ጋር ብቻ ነው። የጫማ ካርቶን ታክላለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አራት ዓመት ለፍተው ሠሯትና ሃዊ አሏት፤ በኦሮምኛ ምኞት ማለት ነው። ሥራዋ በከዋክብት መካከል ያለውን የጋለ ጋዝ ማጥናት ነው። ሰው ባዶ የሚመስለው ያ ጥቁር ቦታ ባዶ አይደለም። እስከ ሚሊዮን ዲግሪ የሚግል ጋዝ አለበት፤ ግን ከመሳሳቱ የተነሳ ሰው ውስጡ ቢገባ በብርድ ነው የሚሞተው። ይህን ያስረዳችው የጣቢያው ተቆጣጣሪ ፈይሩዛ ናት፤ እሱ ፊውዝ እየቀየረ፣ እሷ ዳቦዋን እየገመጠች።

ማንም ሰላይ ለጋዝ ብሎ እንቅልፍ አያጣም። ጣጣው ሃዊ መንገዷን የምታቃናበት ትንሽ መገፊያ ያላት መሆኑ ነው። በመጪው ሳምንት የአንድ ኃያል አገር የጦር ሳተላይት በአጠገቧ ያልፋል። ትእዛዝ የምትቀበልበትን የምስጢር ቁልፍ የያዘ ሰው ትንሽ ገፋ ቢያደርጋት ትጋጨዋለች። ገፊው አይታወቅም። ተጠያቂዎቹ ተማሪዎቹና አገራቸው ናቸው።

የቁልፉ ግማሽ በጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሌላው ግማሽ በወረቀትም በፍላሽም የለም። ፈይሩዛ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ርክክቡ ለምን እንደተቀጠረ አሁን ገባው። እሱን ከጣቢያው ለማራቅ ነው። ዛሬ ሃዊ ከሰማዩ ጠርዝ ብቅ የምትለው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ባልደረባዋ ነስረዲን ለሠርግ ሲሬ ወርዷል።

ፈይሩዛ ብቻዋን ናት።

ስልኳን ሞከረ። ዝግ ነው፤ ሥራ ላይ ስትሆን ታጠፋዋለች። ሞተሩን አስነሳ።

ፒክአፑ በዋናው መንገድ ዞሮ፣ መንደሩን አቋርጦ ነው የሚደርሰው። እሱ በገብስ ማሳዎቹ መካከል ያለውን የእግር መንገድ ያዘ። ጉም ወርዷል። ጭቃው ያንሸራትታል። አንድ ጊዜ ከነሞተሩ ወደቀ፤ ጉልበቱ ተላጠ፤ ተነስቶ ቀጠለ። ፈርቶ ነበር። በሥራው ብዙ ጊዜ ፈርቶ ያውቃል፤ ያ ለራሱ ነበር፤ ለራስ መፍራት ይለመዳል። ይህኛው አልተለመደም። በሄደ ቁጥር ልጅቷ ወንበሯ ላይ ታስራ ትታየዋለች። ይህን ምስል ከዓይኑ ለማጥፋት ጮክ ብሎ መንገዱን ይቆጥር ጀመር፤ የመጀመሪያው ድልድይ፣ ሁለተኛው ድልድይ፣ የባሕር ዛፉ መታጠፊያ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሰ። የጣቢያው በር ክፍት ነው። ዘበኛው ሀሰኖ የለም። «ልጅህ ሆስፒታል ገብቷል» የሚል ስልክ ተደውሎለት እየሮጠ መውረዱን ፈይሩዛ ነገረችው። አዝናለታለች። ስልኩ የውሸት ሊሆን ይችላል ብላ አላሰበችም፤ ምን ብላ ታስብ?

«ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው? ደም በደም ሆነሃል።»

«ፈይሩዛ፣ እኔ የመብራት ሠራተኛ አይደለሁም።»

ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አይታ ሳቋን ተወችው።

በአጭሩ ነገራት። ማን እንደላከው፣ ማን እንደከዳው፣ ማን እየመጣ እንደሆነ። እያወራ ሳለ ፊቷ ሲለዋወጥ ያያል፤ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ፍርሃት፣ በመጨረሻ ከሁለቱም የባሰ ነገር።

«የተላክኸው ልትጠብቀኝ ነው ወይስ ልትሰልለኝ?»

«ሁለቱንም።»

«እናቴ ቤት መብራት ያስገባኸውም ለዚህ ነው? ለአረፋ ቤታችን የበላኸውም?»

 እናቷ አዴ ዙቤዳ ከታች መንደር ናቸው። መብራቱን ያስገባው በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ የሄደው ግን ማንም ሳያዘው ነው፣ ሦስተኛም፣ አራተኛም። ይህን አሁን ቢናገር ማን ያምነዋል?

«አልቅሺ፣ ስደቢኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊ፤ በኋላ» አላት። «አሁን የሃዊን በር የሚዘጋውን ትእዛዝ አዘጋጂ።»

ከሠሪዎቹ አንዷ ናትና ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት። ተማሪዎቹ ሃዊን ሲሠሩ አንድ የመጨረሻ ትእዛዝ አስገብተውባታል። እሱ ከተላከ ሃዊ ጆሮዋን ትዘጋለች። ከዚያ ወዲያ የማንንም ትእዛዝ አትቀበልም፤ የያዘችውን እየላከች ብቻ ትኖርና ከሦስት ዓመት በኋላ አየር ውስጥ ገብታ ትቃጠላለች። ቁልፉ ያን ጊዜ ዋጋ የለውም። ፈይሩዛንም የሚፈልጋት አይኖርም። በሕይወት ልትተርፍ የምትችልበት መንገድ ይህ ብቻ ነው፤ አራት ዓመት የለፋችበትን በራሷ እጅ መድፈን።

ሰገነቱ ላይ ወጥቶ በአቅራቢ መነጽር ወደ ታች አየ።

ፒክአፑ መንደሩ ጋ ደርሷል።

ከመንደሩ እስከ ጣቢያው በመኪና አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሃዊ ብቅ እስክትል አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀራል። እሷ ሳትመጣ ትእዛዝ መላክ አይቻልም፤ ተራራውን ቢገፉት አይቻልም። ፖሊስ እንዳይጠራ፣ ዳኛው መታወቂያውን መዘዝ ካደረገ ፖሊሱ ራሱ መንገድ ያሳየዋል። ሽጉጡን ነካ አደረገ። ስድስት ጥይት አለው። 

ፈይሩዛ ተከትላው ወጣች፤ መኪናውን አየችና ስልኳን ከፍታ ለእናቷ ደወለች። በኦሮምኛ ሦስት ነገር ብቻ ተናገረች፤ «አዮ» ብላ ጀመረች፣ ሰዎች ሊወስዱኝ እየመጡ ነው አለች፣ የመኪናውን ቀለም ተናገረች። ዘጋችው።

«እናትሽ ምን ያደርጋሉ?» አላት። ተቆጥቶ ነበር። ውድ ደቂቃ ባከነ ብሎ።

«ተመልከት» አለችው።

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው። ከአንድ ግቢ ረዥም ጩኸት ተነሳ፤ ከቀጣዩ ግቢ ሌላ ተቀበለው፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ። ሴቶች ይወጡ ጀመር። የታጠቀች እንደታጠቀች፣ እጇ ሊጥ የሆነች ሊጡን ሳትታጠብ። ሁሉም በእጃቸው ቀጭን ዘንግ ይዘዋል። ሲንቄ ነው፤ የአርሲ ሴት በሠርጓ ዕለት ከእናቷ የምትቀበለው። ሴት ተበደልኩ ብላ ስትጮህ የሰማች ባለ ሲንቄ ሁሉ ሥራዋን ጥላ ትወጣለች። ሲንቄ የያዙ ሴቶች የቆሙበትን መስመር ወንድ አይሻገረውም። ጦር መዘው የተፋጠጡ ሰዎች እንኳን በመካከላቸው ሲንቄ ሲቆም ይመለሳሉ። ባንተአምላክ ይህን በወሬ ያውቀው ነበር፤ በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

አርባ ያህል ሴቶች መንገዱን ዘግተው ቆሙ። አዴ ዙቤዳ መሐል ናቸው።

ፒክአፑ ቆመ።

ዳኛው ጥንቁቅ ሰው ነው። የአዲስ አበባ ታርጋ ዓይን ይስባል ብሎ መኪናውን ከነሹፌሩ ከዚሁ ከአርሲ ነበር የተከራየው። ሥራ የሚያውቅ ሰላይ ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። ሹፌሩ ከዲሮ የጎበሳ ልጅ ነው። ባንተአምላክ በመነጽሩ ሲያይ፣ ከዲሮ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። አሰላ ላይ ብቅ ያላለው ዳኛው ከኋላ ወንበር ወርዶ ጮኸበት፤ ደረቱን በሽጉጥ አፈሙዝ ገፋው። ከዲሮ የመለሰለትን ያን ጊዜ አልሰማም፤ በኋላ ከመንደሩ ሰው ነው የሰማው። «ጌታዬ፣ ከፈለግክ እዚሁ ግደለኝ፤ እናቶቼን አልሻገርም» ነው ያለው። የመኪናውንም ቁልፍ ገብሱ ውስጥ ወረወረው።

ዳኛው ሁለት ሰዎቹን ይዞ በእግሩ፣ በማሳው ውስጥ ሽቅብ ጀመረ። ሴቶቹ ዞሩና ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው እየዘፈኑ፣ ሳይቸኩሉ ተከተሉት።

በማሳው አቋርጦ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ባንተአምላክ ተነፈሰ። ገና አላለቀም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አንቴናው ዞረ። ድምፅ ማጉያው ጭርጭር አለ። ሃዊ መጣች።

«ላኪው» አለ።

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለው?»

«ላዞራት ነው። አሁን የምታየው ምንም የሌለበት ቦታ ነው። ጆሮዋን ከዘጋሁት በኋላ ዕድሜ ልኳን ያንኑ ስታይ ልትኖር ነው።» ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ይሮጣሉ፤ እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። «አምስት ደቂቃ ስጠኝ።»

አምስት ደቂቃ። ሰዎቹ ከገብሱ ጫፍ ወጥተዋል። አለቅን ሊላት ነበር፤ ተወው። አሥራ አራት ወር ሲዋሻት ኖሮ አምስት ደቂቃ ሊነፍጋት ምን ፊት አለው? ወጥቶ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን በር ዘጋና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

  የሴቶቹ ዘፈን ከታች ይሰማል፣ ግን ሩቅ ነው።

ዳኛው በግቢው በር ገባ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። ሁልጊዜ የሚያምርበት ጫማው ጭቃ ሆኗል።

«ችካል። ዞር በል።»

«ለማን ነው የሸጥካት?»

«ብታውቀውም አይጠቅምህ። ዞር በል፤ ልጅቷ ትተርፋለች።»

«እንደማትተርፍ ሁለታችንም እናውቃለን።»

ዳኛው አላስተባበለም። ለአሥራ አንድ ዓመት ወንድማማችነት ማለት የሚቻል ነገር ነበራቸው፤ የልጁ ክርስትና ላይ ባንተአምላክ ተገኝቷል። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ባንተአምላክ ሽጉጡን ቀድሞ መዝዟል። ግን መተኮስ አቃተው።

ዳኛው አላቃተውም።

ጥይቱ ግራ እጁን መታው። በሩ ላይ ተንሸራትቶ ተቀመጠ። ህመሙ ወዲያው አልመጣም፤ የመጣው ፍርሃት ነው፣ ገና ሦስት ደቂቃ ይቀራታል የሚል። አንደኛው ሰው ሽጉጡን ነጥቆ በእግሩ ገፋው። በቀኝ እጁ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ረገጡት። አልለቀቀም። ጣቱን አንድ በአንድ ሲያላቅቁት ሴኮንዱን ይቆጥር ነበር፤ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። ሲያልቅበት በጥርሱ የአንዱን እግር ያዘ። ሰላይነት ይህን ይመስላል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ፈይሩዛ ቆማለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዷል።

«ጨርሻለሁ» አለች።  «ሃዊ ከእንግዲህ ማንንም አትሰማም። ቁልፉን ከፈለጋችሁት ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጣችኋለሁ።»

ከሰዎቹ አንዱ፣ ከመነዳሪውን የተቀበለው፣ ገብቶ ኮምፒውተሩን አየ። መታ፣ መታ፣ እንደገና መታ። ወደ ዳኛው ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

ዘፈኑ ደርሷል። የሲንቄዎቹ ጫፍ ከግቢው አጥር በላይ ይታያል። ዳኛው ሂሳቡን ሲሠራ ባንተአምላክ ፊቱ ላይ አነበበው። ልጅቷ ለማንም አትጠቅምም። አርባ ሴት መልኩን አይታለች፤ አርባ ሴት ፊት ልጅ ገድሎ ከአርሲ መውጣት የለም። ሽጉጡን ከተተ።

«ሪፖርቱ ላይ ቁልፉን የሸጥከው አንተ ነህ» አለው፤ ለስለስ ብሎ፣ የጥንት ወዳጁ በመሰለ ድምፅ። ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ይዘነው እንሂድ።»

ይዘውት ከሄዱ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ባንተአምላክ ዘሎ ተነሳ። ከጄኔሬተሩ ቤት ኋላ ገደል አለ፤ ጉሙ እስከ አፉ ሞልቶታል። ፈይሩዛን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። ልትናገረው የፈለገችው ነገር ያለ ይመስል ነበር።

ገባበት።

ሁለት ጥይት ተከተለው። ከዚያ ጉሙ ብቻ ነበር።

ገደሉ ሲታይ እንደሚያስፈራው ጥልቅ አልነበረም፤ የአስታ ቁጥቋጦ ያዘው። አንድ ቀንና ሌሊት እዚያው ተደብቆ ደሙን በቱታው እጅጌ አስሮ ቆየ። ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ አግኝተውት ቁስሉን አጠቡለት፤ ስለ ከዲሮና ስለ መኪናው ቁልፍም የነገሩት እሳቸው ናቸው። ማንነቱን አልጠየቁትም። ከዚያ በሌላ ሰው ጋቢ፣ በበቅሎ፣ በእግር፣ ጮሌ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ።

ስምንት ወር አለፈ። አሁን ፊሊጶስ ይባላል። ጢሙን አሳድጓል። የእህል ወፍጮና ጄኔሬተር ይጠግናል፤ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ስለማይታጠፉ ሥራው ዝግ ይላል፣ የጮሌ ሰዎች ግን ታጋሽ ናቸው። መኪና በቆመ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። ዳኛው ሥራው ላይ እንዳለ፣ እንዲያውም እንደተሾመ በሬዲዮ ሰምቷል። ስለ ፈይሩዛ ግን የሰማው ነገር የለም። ማታ ማታ የሚያስፈራው ይህ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንም አይፈልጋትም ያለው ሂሳብ ስህተት ቢሆንስ? ተመልሰው መጥተውስ ቢሆን?

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ናዝሬት አስጠሩት። መብራት ጠፍቷል፤ ከአሰላ እንግዳ መጥታለች፤ ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሏል። ሄዶ ቧንቧውን ነፋ፣ ጎትቶ አስነሳው። ገመዱን እየዘረጋ አዳራሹ ውስጥ ገባ።

ፈይሩዛ ነበረች።

በሕይወት አለች። ትንሽ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለተማሪዎቹ ታስረዳለች። ሃዊ አትሰማም፣ ግን ትናገራለች፣ የምትለውን ማንም ሰው በዚህች ዕቃ መስማት ይችላል ትላለች። ስምንት ወር ሙሉ ሳታቋርጥ አንድ ቦታ ብቻ ስላየች፣ ሌሎቹ በጥድፊያ ያለፉትን በጣም ስስ ጋዝ አግኝታለች ትላለች። ከስታለች። ስታወራ ግን እንደ ድሮው ዳቦ የያዘች ይመስል እጇን ታወዛውዛለች።

ደስታውና ድንጋጤው አንድ ላይ መጡበት። «ጋሼ» ብላ አንድ ቃል ካወጣች ወሬው በማግስቱ አሰላ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ዳኛው ጠረጴዛ ላይ። አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ሰካና ለመውጣት ዞረ።

«ስምዎ ማን ነው?» አለችው።

«ፊሊጶስ።»

ዓይኗ ግራ እጁ ላይ አረፈ። ቆየ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ናዝሬት ዞረች።

«እኛም እንደ እሳቸው ያለ ጎበዝ ሠራተኛ ነበረን» አለች። «ገደል ገብቶ ሞተ። ሬሳውን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ለመርማሪዎቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ፋይሉም ተዘግቷል። ማንም የሚፈልገው የለም። እናቴ ብቻ እስካሁን ታለቅስለታለች።»

ወይዘሮ ናዝሬት ከንፈራቸውን መጠጡ።  ፈይሩዛ ዞር ብላ አየችው፤ የሚመልሰውን ትጠብቃለች።

«ነፍስ ይማር» አለ ፊሊጶስ።

ወጥቶ ጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅም ነዳጁን ሲያይ ቆየ።